ስድስቱ ይዘፍናሉ፣ ስድሳው ያጨበጭባል

ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ለከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን
ደሴ

ጉዳዩ፦ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት አንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በከተማችን ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አማርኛ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ የኪነ ጥበብ ክበቡን እመራለሁ። የሙዚቃ ዲፕሎማ የለኝም። ክራር የለመድኩት በልጅነቴ ክረምት ክረምት አምባሰል እየሄድኩ ከአጎቴ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም በእርሻቸው እንጂ በክራራቸው የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ይህን ማስቀደሜ ከዚህ በታች የምጽፈው የባለሙያ ምክር ሳይሆን ጠመኔ የያዘ ሰው ሙከራ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

ክበብ ማለት በየትምህርት ቤታችን ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የወላጆች በዓል ሲደርስ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲቃረብ «ልጆቹን አዘጋጅ» እባላለሁ። ድምፃቸው የሚያምር ስድስት ልጆች እመርጣለሁ። ሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎኑን ያወጣል፤ ስድስቱ ድንኳን ሥር ቆመው ይዘፍናሉ፤ የክፍል ጓደኞቻቸው የሆኑት ስድሳዎቹ ፀሐይ ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ፤ እንግዳው ያመሰግናል፤ እኛም እንበተናለን። ስድስቱ ልጆች መጀመሪያውኑ ይችሉ ነበር። ከእኔ የተማሩት ነገር ቢኖር በአንድ መስመር አሳምሮ መቆም ነው። ስድሳው ደግሞ ምንም አልተማረም። ይህን ለዓመታት በኩራት ስሠራው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከበዓሉ በኋላ መጥታ፣ «መምህር፣ እኔ ድምፅ የለኝም፤ ሙዚቃ መማር ግን እፈልጋለሁ። የት ነው የሚመዘገበው?» አለችኝ። የት እንበላት?

ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ የክወናና የእይታ ጥበባትን ይማራሉ። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የክፍለ ጊዜ ድልድል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ እያለ ይሄዳል፤ ሙዚቃ የለም። ድምፃቸው በሚጎረምስበት፣ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቃል በሚያጥራቸው ዕድሜ ላይ ዜማውን እንነጥቃቸዋለን ማለት ነው። ይህ በሌላ ከተማ ቢሆን እንደ ማንኛውም ጉድለት ይታለፍ ይሆናል። ደሴ ላይ ግን ያሳፍራል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዜማዎቻችን የሚመሠረቱባቸው የድምፅ ድርድሮች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከእኛው ሰፈር ነው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የሚታወቀው፣ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ወርደን የምናገኛት ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ያለው አገር ነው። የታሪክ መምህራን ባልደረቦቼ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል፣ ከነአንቀጽ 17 ጣጣው፣ ሳይሰለቹ ያስተምራሉ። ውጫሌ ደግሞ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። ተማሪያችን አንቀጹን በቃሉ ይወጣዋል፤ በዚያው አገር ስም የሚጠራው ቅኝት ሲንቆረቆር ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። ማሪቱ ለገሠን ያፈራ ሕዝብ ልጅ ነው እንግዲህ ይህ!

«መምህር የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ክፍል የለም» የሚለውን መልስ አስቀድሜ እሰማዋለሁ። እውነት ነው፣ የለም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ከክበቡ ልጆች ጋር ሳይሆን «ድምፅ የለንም» ከሚሉት ጋር የሞከርኩትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነበር። አምስት መስመር በሰሌዳ ላይ አሰመርኩ፤ የሶል ቁልፍ ሣልኩ፤ ሙሉ ኖት፣ ግማሽ ኖት፣ ሩብ ኖት እያልኩ አራት ሳምንት ፈጀሁ። ልጆቹ ደብተራቸውን አውጥተው ገለበጡ። በእኛ ትምህርት ቤት «ኖት» ማለት ከሰሌዳ የሚገለበጥ ነገር ነውና ምንም አልገረማቸውም። በአምስተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። የመጡትም የእጅ ጽሑፋቸው ከማማሩ በቀር አንዲት ድምፅ አላወጡም።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ተውኩና በዝምታ ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ የሚሰማውን ይመዘግባል። የደሴ ክረምት ለዚህ ጥሩ ረዳት ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ አቀበቱን እያማጠ የሚወጣ ባጃጅ፣ ከሩቅ አዛን፣ ከወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከጎረቤት ክፍል የባልደረባዬ ተግሣጽ። ቀጥሎ የጻፉትን እንለያለን፦ የትኛው ቀጭን፣ የትኛው ወፍራም፣ የትኛው ረጅም፣ የትኛው አጭር፣ የትኛው እየደመቀ የመጣ፣ የትኛው እየራቀ የሄደ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሳቸውን ምልክት ይፈጥራሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች የማኅሌቱን ምልክቶች ስለሚያውቁ ተነሥተው ደረትን፣ ሂደትን፣ ጭረትን፣ ርክርክን ለጓደኞቻቸው አሳዩ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ድምፅን በወረቀት ላይ የማስቀመጫ የራሱ ዘዴ እንዳለው ብዙዎቹ ያን ቀን ገና መስማታቸው ነበር። የመጨረሻው ሥራ ወረቀት መለዋወጥ ነው፤ አንዱ ቡድን የሌላውን ቡድን ዝናብ «ያነባል»፣ በጣቱ፣ በምላሱ፣ በጠረጴዛው። ይህን ካደረጉ በኋላ አምስቱን መስመር ሳሳያቸው፣ ያ መስመር ለምን እንዳስፈለገ ራሳቸው ነገሩኝ።

ምትን ለማስተማር ደግሞ የራሴው ትምህርት አገለገለኝ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ይገባል፤ ሲጠብቅ ወንበር ይይዛል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። ሰዋስው ሆኖ ሲቀርብላቸው የሚያዛጉት ልጆች፣ ላላውን በአንድ ጣት ጠብቆ የሚነበበውን በመዳፍ ምቱ ሲባሉ ጥብቀት ጊዜ እንደሚወስድ በእጃቸው ገባቸው። ቀጥለን እስከ ስድስት እየቆጠርን እንመታለን። የክፍሉ ግማሽ 1 እና 4 ላይ ያጠብቃል፤ የቀረው ግማሽ 1፣ 3 እና 5 ላይ። ለየብቻ ቀላል ነው። አንድ ላይ ሲሆን ግን ክፍሉ ይፈርሳል፤ ይስቃሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይያያዛል። ሲያያዝ አንዱ ልጅ ሳያስበው ትከሻው ተነሣ። ብዙ ዘፈኖቻችን የሚሄዱበት ምት ይህ ነውና ትከሻው ከእሱ በፊት አውቆታል።

የወል ቤት ግጥም በአንድ ሐረግ፣ ማለትም በስንኙ ግማሽ፣ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) እንዳለው የአማርኛ መምህር ሁሉ ያስተምራል። ቀለሙን ከቆጠርን በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ስንኝ ይጽፋል፣ በዜማ ይለዋል። ግዴታው ሁለት ብቻ ነው፦ ቀለሙ ይሙላ፣ ግጥሙ ከራሱ ሕይወት ይሁን። ያቺ «ድምፅ የለኝም» ያለችኝ ልጅ የጦሳ ተራራችንን ጠርታ ይህን አመጣች፦

የጦሳ ጉም ወርዶ ሰፈሬ ጠፋብኝ፣
የእናቴ እንጉርጉሮ ቤት ድረስ አመጣኝ።

በትዝታ አለችው። ድምፅዋ በእርግጥ ቀጭን ነው፣ መሀል ላይም ተሰብሮባታል። ከበዓሉ ስድስት ልጆች መካከል በፍጹም አልመርጣትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ልምጣ። እኛ «የሰው ክራር» እንለዋለን። ትምህርት ቤታችን ክራር ስላልነበረው የተፈጠረ ነገር ነው። አምስት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይደረደራሉ። እያንዳንዱ አንድ ክር ነው፤ አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስድስተኛው ተማሪ ትከሻቸውን በጣቱ እየነካ ይጫወትባቸዋል። የተነካው ያዜማል፣ ያልተነካው ዝም ይላል። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ቀጥሎ «ክር አጥብቁ፣ ክር አላሉ» እላለሁ። ሦስተኛውና አምስተኛው ልጅ እያንዳንዳቸው ግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ጥቁሩም ተቆጥሮ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) ሲወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ክፍሉ ወዲያው ይሰማዋል፤ ሰማይ ሲዳምን እንደሚታወቀው ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛው ልጅ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሦስተኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ይወጣል፦ አምባሰል። ከዚያ አራተኛው ግማሽ ይወርዳል፣ አምስተኛው ግማሽ ይወጣል፦ አንቺ ሆዬ። በየእርምጃው የሚነኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ልጅ ደግሞ ከዶ ፈቀቅ አይልም። ወደ ባቲ ለመሄድ ወደ ትዝታ ሜጀር እንመለስና ሁለተኛው አንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው ግማሽ፣ አምስተኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ይወጣሉ፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል።

እኔ ራሴ ይህን ያህል ዓመት ክራር ስቃኝ ኖሬ፣ ቅኝቶቹ እንዲህ ቤት ለቤት የሚገናኙ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ያየሁት ልጆቹ ሲቆሙ ነው። አጎቴ በጆሮአቸው ያውቁት ነበር፤ ለማስረዳት ግን ቃል አልነበራቸውም። የሰው ክራር ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ክር ቢያጓድል ቅኝቱ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ ጉልበተኛው ዓይን አፋሩን ልጅ ይጠብቀዋል፣ ያስተካክለዋል፤ ሊጮህበት አይችልም፣ ምክንያቱም ከጮኸ የራሱን ድምፅ ይስታል። ልጆቹ ከተለማመዱ በኋላ አራት ዓይነት ቀለም ያለው ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ በክራር ወይም በስልክ ዜማ ያሰማል፤ ቀሪው ቅኝቱን ለይቶ ቀለሙን ያነሣል። አንቺ ሆዬና አምባሰል ላይ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙግቱም ከደወል በኋላ ግቢ ድረስ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ጣልቃ ላስገባ። ገንዘብ ሲገኝ ኪቦርድ ለመግዛት የሚቸኩሉ አሉ። ኪቦርድ አልጠላም። ነገር ግን የኪቦርዱ ድምፆች በፋብሪካ ተለክተው የታሠሩ ናቸው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ ከእነሱ ጋር አይገጥምም። ማሲንቆውን በኪቦርድ «ያረመ» መምህር ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ደግሞም በአንድ ኪቦርድ ዋጋ ብዙ ክራር ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋም ክራር አይጠፋም።

መሣሪያ መሥራትም አንድ ትምህርት ነው። አንድ ጣውላ፣ ሁለት ምስማር፣ የናይሎን ክር፣ ባዶ የዘይት ጄሪካን። በምስማሮቹ መካከል ያለውን ክር 60 ሴንቲ ሜትር እናደርጋለን። መሀሉን፣ 30 ላይ፣ ስንይዘው ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ዶ ከነበረ የላይኛው ዶ ይሆናል። 40 ሴንቲ ሜትሩ እንዲመታ ስናደርግ ሶል፣ 45 ሲሆን ፋ እናገኛለን። ይህን ስንሠራ ነበር የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር ስለ ጩኸቱ ሊወቅሰኝ በሩን የከፈተው። ቆም አለ። ጠመኔ አነሣ። 40/60 ብሎ ጻፈ፣ ወደ 2/3 አሳነሰው፤ 45/60ን ወደ 3/4። «እና ለምንድን ነው ለጆሮ የሚጥሙት እነዚህ ቀላል ክፍልፋዮች የሆኑት?» ብሎ ተማሪዎቹን ጠየቀ። ከዚያ የመጣበት ትዝ አለውና፣ «ቢሆንም ድምፅ ቀንሱ» ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ። የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ጠርሙሶቹን ይወዷቸዋል። ውኃ የተጨመረበት ጠርሙስ በማንኪያ ሲመታ ድምፁ ይወፍራል፤ በአፉ ሲነፋ ግን ይቀጥናል። ለምን? መልሱን እኔ አልነግራቸውም፤ ወደ ፊዚክስ ክፍል እልካቸዋለሁ።

ስለ ወላጆችም ሳልናገር አላልፍም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ዛሬም በብዙ ቤት ስድብ ነው። አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «ልጄን ለሐኪምነት ነው የላክኋት፤ እናንተ አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ወንበር ሰጥቼ ከኋላ አስቀመጥኳቸው። 40 ደቂቃውን ሙሉ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሲወጡ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ክፉ አይደለም። ሒሳቧን ግን እንዳይነካ።» ይህን እንደ ድል የምቆጥረው አይደለም፤ ልጅቷ ግን አልቀረችም።

ሃይማኖትን በተመለከተ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወሎ ደግሞ ለዚህ ጥንቃቄ አዲስ አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ ከመንዙማ ቤት የመጣ ልጅና ከቅኔ ማኅሌት የመጣ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መንዙማውንም ዜማውንም ለጨዋታ አናወጣቸውም፤ ማንም የሌላውን ጸሎት እንዲያዜም አይጠየቅም። የምናደርገው መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ማን ይመራል? ማን ይቀበላል? ድቤው መቼ ይገባል? ከበሮውስ መቼ? ተቀባዩ የመሪውን ቃል ይደግማል ወይስ የራሱ አለው? ልጆቹ ከቤታቸው፣ ከሸኻቸው ወይም ከመሪጌታቸው ጠይቀውና ፈቃድ አግኝተው የሰሙትን በሥዕል መስመር ያመጣሉ፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን እንሰቅላለን። ማብራሪያ አልጨምርም። ወደዚህ ሥራ መግባት የማይፈልግ ልጅ ከአያቱ እሹሩሩን ወይም የአጨዳ ዘፈን ጠይቆ ያመጣል፤ የማይቀበለው ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድን ነው? አዲስ ሕንፃ አይደለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለ9ኛ ክፍል ብቻ፣ ለአንድ ዓመት፣ ፈቃደኛ መምህር ባለበት ትምህርት ቤት። ከሒሳብም ከፊዚክስም አትውሰዱ። የሐሙስን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ስጡን፤ ተማሪው ደክሞ፣ መምህሩም ሰዓቱን እያየ የሚያልፈውን ማለቴ ነው። ዓርብን እንዳትሰጡን፤ ጁምዓ አለ፣ በፈረቃ ትምህርት ቤቶች ግማሹ ልጅ ይጎድላል። ከግቢው ጥግ ያለ አንድ ክፍል፣ መጋዘን የሆነም ቢሆን፣ ይሰጠን፤ የሒሳብ መምህሩም እፎይ ይበል። ለአንድ ትምህርት ቤት ሦስት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ ይበቃል። ዋሽንቱን ከሸምበቆ ራሳችን እንሠራለን። ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዳይመጡ የተከለከለበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ለዚህ ሰዓት ግን አንድ የመምህር ስልክና አንድ አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ይፈቀድልን፤ ልጆቹ የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው መስማት አለባቸው። በከተማችን ማሲንቆና ክራር የሚያውቁ አዛውንቶችን በወር አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ለማስገባት የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ብቻ እንዲበቃም እጠይቃለሁ። አንድን ሽማግሌ አምስት ማኅተም አስደርጎ ማምጣት እሳቸውንም እኛንም ያሳፍራል።

ምዘናውን በተመለከተ ፍርሃቴን አልደብቅም። አንድ ነገር ድልድል ውስጥ ሲገባ ወዲያው ፈተና ይከተለዋል፤ ፈተናውም «ከሚከተሉት ውስጥ ቅኝት ያልሆነው የቱ ነው?» ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ባይገባ ይሻላል። ተከታታይ ምዘና ከተባለ ሦስት ነገር ይታይ፦ ምት ጠብቆ መምታት ይችላል? ቅኝት በጆሮው ይለያል? የራሱን ሁለት ስንኝ በዜማ ብሎ ያውቃል? ድምፁ ማማሩ ማርክ አይሰጠው፤ አለማማሩም አይቀንስበት።

የክፍለ ጊዜው ድልድል የሚሠራው በዚህ በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ልታዩን ብትፈልጉ ልጆቹ ክረምቱንም ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። ድንኳን አንተክልም፣ የእንግዳ ወንበር አናዘጋጅም፣ ስድስት ልጅም መርጠን አናሰልፍም። ከመምሪያው የሚመጣው ኃላፊ አምስተኛው ክር ሆኖ ይቆምና «ላ» ይይዛል። ልጆቹ ያስተካክሉታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር
ደሴ፣ ነሐሴ